ከጠበቀ ይፈታ

ለማንም ያልነገርሁት ይህ ነው፤ ወረቀት ነበረ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ በ2005 ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ባሌ እንዳላማው የቤት ክዳን ሲጠግን ወድቆ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ወጌሻ ዘመነ መጥቶ አጥንቱን አቀናው፤ በቀርቀሃ ስንጥር ደግፎ በጨርቅ አሰረው። ከቤታችን ሲወጣ ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከቋጠሮው ሥር ሸጎጠ፤ ልማዱ ነበር። በአራተኛው ቀን ደብረ ማርቆስ ስናደርሰው እግሩ ጠቁሯል። ሐኪሞቹ «ዘግይታችኋል» አሉን። እግሩ ተቆረጠ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተ።

ድረስ የሚባለው የባሌ ወንድም ሽማግሌ ሰብስቦ ወጌሻውን አቆመው። ዘመነ «ወረቀት ሰጥቻታለሁ። ምን እንደ ጻፍሁ ከእኔ አትስሙ፤ ታምጣውና ይነበብ» አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔም «ምንም ወረቀት አልሰጠኝም» አልሁ። ድረስ የዘመነን ቀርቀሃ ገበያው መካከል አቃጠለው። የዘመነ ዘር አገራችንን ቁይን እንዳይረግጥ ማለ፤ አገሩንም አስማለ። ዘመነ ልጆቹን ይዞ ወጣ።

ወረቀቱ በዚያ ሰዓት ከዳዊቴ ገጾች መካከል ነበረ። እስከ ዘንድሮ ሚያዝያ ድረስ ገልጬ አላየሁትም። ዘመነን ግን በየቀኑ ረግሜዋለሁ።

ከዚህ በታች ያሉት ባለፉት ስምንት ወራት የተጻፉ ደብዳቤዎች ናቸው። የምልከውን ሁሉ ሁለት ጊዜ የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ አንዱን ለመላክ፣ አንዱን ለማስቀረት። በየመካከሉ ያለውን ዛሬ ጨምሬዋለሁ።


ቁይ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሪት ወንጌላዊት ዘመነ፣ ጅማ

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽ በሚኒባስ ሹፌሩ በአብይ እጅ ደረሰኝ። ከጅማ እዚህ ለመድረስ ሃያ ስድስት ቀን ፈጅቶበታል። ኔትወርክ ከጠፋ ወዲህ ስልኬ ሰዓት ማያ ብቻ ሆኗልና በዚሁ በወረቀቱ እንቀጥል። «አንቺ» ብልሽ አትቀየሚ፤ በዕድሜ ልጄ ትሆኛለሽ።

የመጀመሪያውን ጥያቄሽን ልመልስ። አዎ፣ የጤና ኤክስቴንሽኗ አመተ ማርያም የነገረችሽ እውነት ነው። አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት ግን ገብቼ አላውቅም። ፊደሉን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ፣ ከዘይት ጣሳና ከሳሙና ካርቶን ለቅሜ ነው የያዝሁት። ስለዚህ ስህተት ብታገኚብኝ መምህሬ ጣሳ መሆኑን አስቢ።

ሁለተኛው፤ እግራቸው ተሰብሮ በወጌሻ የታሰሩ ሰዎች በቁይ ዙሪያ ሃያ ሁለት ቆጥሬያለሁ። ሁሉንም አውቃቸዋለሁ። ያሰራቸው አንድ ሰው ነው። ዛሬ እዚህ የለም።

ሦስተኛውን፣ በራስዎ ቤት የተሰበረ ሰው ነበረ ወይ ያልሽውን፣ ሌላ ጊዜ እመልስልሻለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ለሁለተኛ ዲግሪ የሰው አረማመድ ምኑ ይጠናል? ምስጋናው የሚባል ጎረቤቴ ሰምቶ «መራመድ የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ካለ እኔን ፕሮፌሰር ያድርጉኝ፤ ስድሳ ዓመት ሳላቋርጥ ተራምጃለሁ» ብሏል። ደግሞስ ይህን ያህል ሰው ለማስለካት ራስሽ ለምን አትመጪም?

ሥራውን ግን እሠራልሻለሁ። አባትሽ በሕይወት አሉ? ሰላምታዬን አድርሽልኝ።

የብርጓል


ይህን ስጽፍ ስሟን ካየሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ዘመነ የሚባል ብዙ ሰው አለ። ግን «ከ»ን ስትጽፍ እግሩን ወደ ግራ ትጎትተዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ ያየሁት፣ ከዚያ በኋላ ግን ከዓይኔ ያልጠፋ እጅ ነው። የአባቷ ልጅ መሆኗን አወቅሁ።

እንዳላማው አፈር በልቶታል። የዘመነ ልጅ ደግሞ ጥቁር ካባ ለብሳ ልትመረቅ፣ ያውም በተሰበረ እግር ጥናት! «ሥራውን እሠራልሻለሁ» ያልሁት ልረዳት አልነበረም። እንዴት እንደማጠፋት ገና አላወቅሁም እንጂ እንደማጠፋት አውቄ ነበር። ዘዴውን ያስተማረችኝ ራሷ ናት።


ጅማ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ የብርጓል፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ብርዱስ? እሺ ስላሉኝ ምን ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። የአቶ ምስጋናውን ነገር ለአማካሪዬ ብነግራቸው እንባቸው እስኪፈስ ድረስ ሳቁ። «ፕሮፌሰርነቱን ሳይለካ አንሰጠውም በይልኝ» ብለዋል።

የትምህርቴ ስም የሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ ይባላል። ክፍል ገብቶ ተፈትኖ ብቻ የሚጨረስ አለ፤ የእኔ ግን በምርምር የሚሠራው ነው። አንድ ጥያቄ ይዤ ሁለት ዓመት እለፋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ፈታኞች ፊት ቆሜ ስለ ጥናቴ እሟገታለሁ። ጥያቄዬ ቀላል ነው። የተሰበረ እግር በስንተኛው ቀን ማሰሪያው ሲላላለት ነው ኋላ እኩል የሚራመደው? መልሱ በወረቀት ላይ የለም፤ እናንተ አገር ሰዎች እግር ላይ ነው ያለው።

ሥራው እንዲህ ነው። የተነፋ አመድ አሥር ሜትር ያህል አውድማ ላይ ይነስንሱ። ሰውዬው በባዶ እግሩ እንደ ልማዱ ይራመድበት። ከመካከል ያሉትን ዱካዎች ይውሰዱና ከተረከዝ እስከ ተረከዝ በሜትር ይለኩ፤ የተሰበረውን እግር እርምጃ ለብቻ፣ የደህናውን ለብቻ።

አደራ የምልዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቁጥር አያስተካክሉ። ሰው እንደ ማሽን አይራመድም። 58 ሳንቲሜትር ከ3 ሚሊሜትር ከሆነ 58 ከ3 ብለው ይጻፉ። ሁሉ ነገር በዜሮና በአምስት የሚጨርስ ከሆነ ፈታኞቼ «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የፈጠርሽው ነው» ይሉኛል። እንዲህ የተባለ ተማሪ ይባረራል፤ ዳግመኛም አይመዘገብም።

ማንንም አያስገድዱ። በቅጹ ላይ እንዳለው በማንኛውም ሰዓት ትቻለሁ ማለት መብታቸው ነው።

ለምን ራስሽ አትመጪም ላሉኝ፣ መንገዱ ለእኔ ዝግ ነው።

አባቴ በሕይወት አለ። አዲስ አበባ አንድ መጋዘን ውስጥ ጥበቃ ነው። ሰላምታዎን እነግረዋለሁ።

አክባሪዎ ወንጌላዊት


ቁይ፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

እንደምን ሰነበትሽ? የላክሽው የልብስ ሰፊ ሜትርና ቅጾቹ ከአጭሯ ማስታወሻሽ ጋር በደህና ደርሰዋል። ስለ መዘግየቴ ይቅር በይኝ። ጥር ሙሉ ሠርግ ነበር፤ ሰው እግሩን ለጭፈራ እንጂ ለልኬት አይሰጥም።

ሰው እንዴት ተቀበለው ላልሽኝ፣ በሳቅ ነው። አመዱን ስነሰንስ ሴቶቹ «እሷ ደግሞ ዘንድሮ አመድ ልትዘራ ነው» አሉ። ምስጋናው ቀድሞ መጣ። አመዱን ሲያይ ቆመ።

«ዱካው የሚፈለገው የሌባ ነው። እኔ ምን ሰረቅሁ?»

«የሰረቅኸውን አንተ ታውቃለህ። ተራመድ» አልሁት።

«በባዶ እግሬ?»

«በባዶ እግርህ።»

«እንግዲህ ጫማዬን ሳወልቅ ከሸሸሽ ያንንም ጻፊው፤ ምርምር ነው።»

«ተገደህ ነው ወይስ በፈቃድህ?» ብዬ ቅጹን ሳነብለት «ሚስቴም ይህን ብትጠይቀኝ ኖሮ!» ብሎ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመልሽ።

ሃያ ሁለቱም ተለክተው አልቀዋል። ደብተሩን በአብይ እጅ ልኬልሻለሁ። ቁጥሮቹ ግልጽ እንዲሆኑልሽ በስክሪፕቶ ጽፌዋለሁ።

ደክሞሽ እንዳይሆን ለጠየቅሽኝ፣ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል፤ ሌላ የለም። በቤቴ ስለ ተሰበረው ሰው ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ባሌ ነበር። ሞቷል። ለጥናትሽ አይሆንም።

የብርጓል


በደብዳቤው ውስጥ ያላገባሁት ይህ ነው። ምስጋናው አሥሩን ሜትር ከተራመደ በኋላ ዞሮ ዱካውን አየና «የቷ ናት የተሰበረችው?» ብሎ ጠየቀኝ። ራሱ አላወቃትም። ተንበርክኬ ለካሁ። የተሰበረው 61 ከ2፣ ደህናው 61 ከ9። ከእሱ ቀጥሎ የመጣችውም እንደዚያው ናት። ከእሷ ቀጥሎም። ሃያ ሁለት ሰው በሁለት እግሩ እየሄደ ከፊቴ አለፈ። የዘመነ እጅ ሃያ ሁለት ሰው አድኖ የእኔን ባል ነው የመረጠው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ።

ሁለት ደብተር ያዝሁ። በአንደኛው ሜትሩ ያለውን በእርሳስ ጻፍሁ። በሁለተኛው፣ በላክሁላት፣ የምስጋናው እግር 50 እና 60 ነው። የሚቀጥለው 55 እና 65። ሁሉም አንካሳ፣ ሁሉም በዜሮና በአምስት የሚጨርስ። አባቷ አንካሳ አድራጊ ተብሎ ይጻፋል፤ እሷም በፈጠራ ትባረራለች። በአንድ ድንጋይ ሁለቱንም። በእኛ አገር እርምጃ የእግር ብቻ አይደለም፤ የሚወሰድም እርምጃ አለ። እሷ የሰው እርምጃ ለካች፤ እኔ እርምጃዬን ወሰድሁ።

ደብተሩን ለአብይ ስሰጠው ደስታ ነበረኝ። አልዋሽም። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ደስታ አላየሁም። የእርሳሱን ደብተር ለምን እንዳላቃጠልሁት አላውቅም። አንድ ጊዜ ወረቀት የደበቀ ሰው ማቃጠሉን አይችልበትም መሰለኝ።


ጅማ፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ የብርጓል፣

ደብተሩ ደርሶኛል። የእጅ ጽሑፍዎ የሚደነቅ ነው። ቁጥሮቹ እጅግ የተስተካከሉ ናቸው።

ለባለቤትዎ ነፍስ ይማር።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ቀርቷል። ያ እዚያ የነበረው ወጌሻ ሲያስር ከቋጠሮው ሥር ወረቀት የመሸጎጥ ልማድ ነበረው ይባላል። ከሃያ ሁለቱ ወረቀቱን እስከ ዛሬ ያቆየ ካለ እንዳለ ይገልብጡልኝ፤ ፊደሉን ብቻ ሳይሆን ነጥቡንም። ሌላ ሰውም ያለው ካለ እንደዚያው።

ፈታኞች ፊት የምቀርበው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው።

ወንጌላዊት


ቁይ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

እንኳን ለጾሙ ማብቂያ በሰላም አደረሰሽ። ወረቀት ያለው አንድ ሰው ብቻ አግኝቻለሁ፤ ያው ምስጋናው ነው። እሱ ግን ወረቀት ሳይሆን ክታብ ነው የሚለው። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ክታብ አሳየኝ።

«ይህ እኮ ክታብ ነው» አልሁት።

«ክታብማ ነው። ዘመነ ከእግሬ ሥር የሸጎጠው ነው። እግሬን ያዳነኝ እሱ ስለሆነ በቆዳ አሰፋሁት። አሥራ አምስት ዓመት አልተለየኝም፤ ጅብ እንኳ ሸሽቶኛል።»

«ልፍታው?»

«ኃይሉ እንዳይወጣ ቶሎ ዝጊው።»

ስፌቱን በምላጭ ፈታሁት። የመድኃኒት ስም ወይም ጸሎት ጠብቆ ነበር። ሳነብለት በጣም አዘነ። «ይኸው ብቻ ነው? ያኔም መሪጌታ ያነበቡልኝ ይህንኑ ነው። በማግስቱ እግሬ ሲያብጥ ይፈታ ይላል ብለው ፈቱልኝ፤ አላልተው አሰሩኝ። እኔ እኮ ከሥሩ ሌላ የተደበቀ ነገር ያለ መስሎኝ ነው!»

እንዲህ ይላል፤ ነጥቡም እንዳለ ነው።

ማሰሪያ ሦስት ቀን። ከጠበቀ ይፈታ።

ሌላ ሰው ዘንድ ወረቀት የለም።

የብርጓል


ይህን ደብዳቤ አሽጌ ከአብይ ጋር ከላክሁ በኋላ፣ ፀሐይ ደጃፌ ላይ ሳለች፣ ዳዊቴን ከፈትሁ።

ወረቀቱ በሁለት ታጥፎ ነበር። እንዳላማው ታስሮ በተኛ ጊዜ እኔ ከመንደሩ ሴቶች ብቸኛዋ አንባቢ ነበርሁ፤ ኩራቴም እሱ ነበር። ያኔ ጮክ ብዬ አነበብሁለት፦ «ማሰሪያ ሦስት ቀን ከጠበቀ ይፈታ።» ሦስት ቀን ጠብቆ ከቆየ በኋላ ይፈታል ማለት ነው አልሁት። እሱም «ጎሽ! የቤቴ መሪጌታ» አለኝ።

በማግስቱ እግሩ አበጠ። «ፍቺኝ» አለ። «ወረቀቱ ሦስት ቀን ይላል» አልሁት። «እሳት ነው፣ ፍቺኝ» አለ። «ነገ ብቻ ነው የቀረው፤ ወንድ አይደለህ?» አልሁት። እሱ ጎረቤት ሲጠራ እንኳ «እኔ አንብቤዋለሁ፤ ምን ያውቃሉ?» ብዬ መለስሁ። በሦስተኛው ቀን ማታ መለመኑን ተወ። እኔ የተሻለው መሰለኝ።

ምስጋናው ፊደል አያውቅምና ለሚያውቅ ሰው ወሰደው። እኔ አውቅ ነበርና ለማንም አላሳየሁም።

በሽማግሌዎቹ ፊት ዘመነ «ይነበብ» አለ። የሚሸሽ ሰው ይነበብ አይልም። ያኔ ምን እንዳጠፋሁ አላወቅሁም፤ የጠፋ ነገር እንዳለ ግን አወቅሁ። ስለዚህ ወረቀት የለም አልሁ፤ ስለዚህም ከዚያ ወዲያ አልገለጥሁትም። ያልተገለጠ ወረቀት የፈለጉትን ይላል። አሥራ ሁለት ዓመት «ዘመነ ገደለው» ይለኝ ነበር።

አሁን ዘረጋሁት። እጥፋቱ ልክ በ«ቀን» እና በ«ከጠበቀ» መካከል ያልፋል። ከቋጠሮ ሥር ስመዘው የታጠፈው እዚያ ላይ ነው። በጥፍሬ አቃናሁት። አራት ነጥቡ እዚያ ነበረ፤ ሁለቱ ነጥብ ከእጥፋቱ ወዲህ፣ ሁለቱ ወዲያ። ዘመነ ተጭኖ ነው ያደረጋቸው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ሁለቱንም የሆነ ሰው ምን እንደሚያደርግ አልተነገረም።


ቁይ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ወንጌላዊት፣

እባክሽ የላክሁልሽን ደብተር ለፈታኞች አታሳዪ። ዓይኔ ደክሞ ስለነበረ ቁጥሮቹ ተሳስተዋል። ትክክለኛው በእርሳስ የተጻፈው ነው፤ ይኸው። አብይን ለምኜ ከመንገደኛ ሁሉ አስቀድሞ እንዲያደርስልኝ አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማን እንደሆንሁ ታውቂ ነበር?

ይቅር በይኝ።

የብርጓል


ጅማ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ የብርጓል፣

ሰላምታ አላበዛም።

የዓይን ድካም አይደለም። ዓይኑ የደከመ ሰው አንዴ 50 ይላል፣ አንዴ 53 ይላል። ሃያ ሁለት ጊዜ በዜሮና በአምስት አይጨርስም፤ ያውም እንዳይጨርሱ ለይቼ የለመንኩዎ እኔ ራሴ ነኝ። በምርምር ሥርዓት አንድ ሰው የለካውን ሌላ ሰው ጥቂቱን ደግሞ ይለካል። አመተ ማርያም ስድስቱን እርስዎ በለኩ በሳምንቱ ለክታ ልካልኝ ነበር። ደብተርዎ ሲደርስ የእርሷ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ ነበረ። «እጅግ የተስተካከሉ ናቸው» ያልኩዎ ለዚህ ነው።

ማን እንደሆኑ አውቅ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሽማግሌዎቹ ፊት አባቴ ሲቆም ከጀርባው ኩታውን ይዤ ነበር። «ምንም ወረቀት አልሰጠኝም» ሲሉ ድምፅዎ አልተንቀጠቀጠም። ከሌላው ሁሉ ይልቅ ያቺን ድምፅ ነው ይዤ ያደግኩት። አባቴ ከዚያ ቀን በኋላ የሰው አጥንት አልነካም። ጥበቃ ሆነ። ለሌላው «ከጠበቀ ይፈታ» ሲል የኖረ ሰው፣ የሌላ ሰው በር ሲጠብቅ አረጀ።

እርስዎን የመረጠችልኝ አመተ ማርያም አይደለችም። እኔ ነኝ ስምዎን የሰጠኋት። አባቴ ያቀናቸውን እግሮች አንድ በአንድ፣ በገዛ እጅዎ፣ ተንበርክከው እንዲለኩልኝ ፈለግሁ። አመድ ላይ ያለ ዱካ ሳይንበረከኩ አይለካም። ሳይንበረከኩ የሚሠራበት ሌላ ዘዴ ነበረ፤ እያወቅኩ ተውኩት። ጉልበትዎን እንዳመመዎ ሲጽፉልኝ ደስ አለኝ። ይህንን ለአማካሪዬ አልነገርኳቸውም። ለእርስዎ ግን መንገር እፈልጋለሁ፤ ቂም እርስዎ ብቻ ያለዎት እንዳይመስልዎ።

ስለ ወረቀቱ። የምስጋናውን ሲገለብጡ ፊደሉን ቀስ ብለው ነው የጻፉት። አራት ነጥቡ ጋ ሲደርሱ ግን ስክሪፕቶው ወረቀቱን በስቶታል። በሌላ ሰው ወረቀት ላይ ያለ ነጥብ እንዲህ አያስጨንቅም። የራስዎ አለዎት። «የለም» ብለው ሁለተኛ ጊዜ ጻፉልኝ።

አሁን ያለሁበትን ልንገርዎ። የእርሳሱ ደብተር ከአመተ ማርያም ስድስት ሰዎች ጋር ገጥሟል። አማካሪዬ ግን «አንድ ጊዜ የዋሸ እጅ የለካውን አልቀበልም» አሉ፤ ትክክል ናቸው። የሰኔው ቀጠሮ ተሰርዟል። እስከ ነሐሴ መጨረሻ ራሴ መጥቼ ሃያ ሁለቱንም ካልለካሁ ምዝገባዬ ይዘጋል፤ የሁለት ዓመት ልፋቴም ከንቱ ይቀራል። በታኅሣሥ «መንገዱ ለእኔ ዝግ ነው» ያልኩዎ ስለ መኪና መንገድ አልነበረም። የድረስ መሐላ አልተፈታም። የዘመነ ልጅ ቁይ ብትገባ ማን እግሩን ይሰጣታል? ማንስ በሰላም ያስወጣታል?

ለእኔ ይቅርታ አይላኩ። ለአባቴም አይላኩ፤ የእርስዎ እንባ የሚገባበት ኪስ የለውም። ስሙ በወደቀበት ቦታ ይነሣ። የፈረደው ሰው ይስማው።

አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቋል።

ወንጌላዊት ዘመነ


ቁይ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህን ደብዳቤ አምስት ጊዜ አነበብሁት። በመጀመሪያው ተናደድሁ። «ተንበርክከው» የሚለው ቃል ደሜን አፈላው። እንዳላማውን አሰብሁና ደብዳቤውን ወደ እሳቱ ወሰድሁት። በሁለተኛው ራሴን አየሁ። ልጅቷ ስትጽፍ እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔም ስናገር ድምፄ አልተንቀጠቀጠም ነበር። በቀሌ የት ሄደ ብዬ ፈለግሁት። አልሄደም። ዞሮ ዞሮ ባለቤቱን አገኘ፤ አሁን ከእኔ ጋር ተቀምጧል፤ ፊት ለፊቴ።

ድረስ በየፋሲካው የበግ ሥጋ ያመጣልኛል። «የወንድሜ ሚስት» ይለኛል፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። እርሻዬን የሚያርስልኝ እሱ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳ ስለ አመዱ ሥራ ሰምቶ ሳቀብኝና «ዘመነ የነካውን እግር መለካት ምን ያደርግልሻል? ያንን ሰው ባገኘው እኔ ነኝ የምለካው» አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንደልማዴ «እሰይ» እለው ነበር። ያን ቀን ግን ቡናውን ብቻ ቀዳሁለት። ቀና ብሎ አየኝ።

አመተ ማርያም «ለሽማግሌዎቹ በሙሉ አስገልብጠሽ ስጫቸው» አለችኝ። ምስጋናው ደግሞ ነገሩን ስነግረው ክታቡን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ። «የእኔው ወረቀት ከአንቺው ጎን ይቀመጥ» አለ። ቀጥሎም «መሪጌታ እኮ በሕይወት ነበሩ፤ ብትጠይቂያቸው ምን ነበረበት?» አለኝ። ቀልድ ያልጨመረበት ንግግሩ ይኸ ብቻ ነው።

እነዚህን ገጾች በቅደም ተከተል ሰፍቻቸዋለሁ። የእሷን ደብዳቤዎች፣ የእኔን፣ የውሸቱን ቁጥሮች ግልባጭና የእውነቱን፣ ከላይ ደግሞ ሁለቱን ወረቀቶች፤ የምስጋናውንና የእንዳላማውን። እጥፋቱን በብረት ምጣድ ጀርባ አሙቄ አቃንቼዋለሁ። ማንም ሰው ሊያየው ይችላል።

የሚቀበለው ድረስ ነው። ለሽማግሌዎቹ የሚሰጠው፣ ለእሳትም የሚሰጠው፣ መሐላውን የሚፈታው ወይም በእኔ ላይ የሚያጠብቀው እሱ ነው። እርሻዬን ቢተው መብቱ ነው። ከወንድሙ መቃብር ጎን አትቀበሪም ቢለኝም መብቱ ነው። ልጅቷ ግን እስከ ነሐሴ መምጣት አለባት፤ የምለምነው እሱን ብቻ ነው።

ድረስ ፊደል አይለይም። የማነብለት እኔ ነኝ፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ፣ በእንዳላማው ቤት ደጃፍ። ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሬ አንድ ቃል ሳልዘል አነብለታለሁ። «ማሰሪያ ሦስት ቀን» የሚለው ላይ ስደርስ እቆማለሁ።